ያልራበው ዓሣ ለምን ይነክሳል?

በዚህ ዕትም ስለ ዓሣ ማጥመድ እንነጋገራለን። «የጥንዶች ዓምድ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ይሁን እንጂ የእግዚአብሔር ቃል ራሱ ሰው በፈተና እንዴት እንደሚያዝ ሲያስተምር ቃል የተዋሰው ከአስጋሪዎች ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ላይ የፈተናን አመጣጥ ሲያስረዳ የተጠቀመበት፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የመታለልን ሐሳብ ይዞ የተተረጎመው የግሪክ ቃል፣ መሠረቱ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ማባበያ ነው። ጸሐፊው በዓይነ ሕሊናው ያየው አንድ ዓሣ ከተደበቀበት ድንጋይ ሥር ወጥቶ ወደ ምግቡ ሲጠጋ ነው። ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ ዓሣው አያውቅም። አስጋሪው ግን ያውቃል።

እንግዲህ እኛም የዓሣውን ነገር ከሚያውቁት እንማር ዘንድ ወደ ውኃው እንውረድ። የምንወርደውም ሩቅ አገር ሳይሆን ወደ ራሳችን ወንዝ ወደ ተከዜ ነው።

ከሰቆጣ ቁልቁል

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ የዋግ ኽምራን ደጋ በጥልቅ ሸለቆ እየቆረጠ አልፎ፣ በመጨረሻ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ ሲሞላ ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሐላ በኩል ተዘረጋ። በፍየሉና በማሩ ይታወቅ የነበረው የዋግ ሕዝብ እንግዲህ ሐይቅ በደጁ ሆነለት። ወጣቶችም በማኅበር እየተደራጁ፣ ጀልባና መረብ እየያዙ አስጋሪዎች ሆኑ።

የሰቆጣን ከተማና ሐይቁን የሚለየው 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ላይ ደጋው ነፋሻ ነው፤ ታች ሸለቆው ሐሩርና የወባ አገር ነው። ስለዚህ ብዙ አስጋሪ ቤተሰቡን ይዞ አይወርድም። ሚስትና ልጆች በደጋው ይቀራሉ፤ አባወራው በሐይቁ ዳር ዳስ ጥሎ ይሰነብታል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ በአካባቢው ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለው ሰቆጣ መጠለያ ውስጥ ለመኖር ተገደዱ። በዚያ ዘመን ከተለያዩ በኋላ እንደገና ቤታቸውን ለመሥራት የተነሡ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ አስጋሪ ላትሆን ትችላለህ። ምናልባት ሾፌር ነህ፣ ምናልባት በመስክ ሥራ ወር ሙሉ ትቆያለህ፣ ምናልባትም ባለቤትሽ ዐረብ አገር ወይም ሌላ ከተማ ይሠራል። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩም በልብ ሸለቆና ደጋ የተለያዩ ጥንዶች አሉ። ስለዚህ የተከዜ ነገር የሁላችንም ነገር ነው።

ለእያንዳንዱ የራሱ ማባበያ

በተከዜ ሐይቅ ከሚገኙት ዓሦች መካከል ሦስቱን እንመልከት፤ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣና ቆሮሶ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ እንደ ድመት ያለ ጢም አለው። ጨለማና ድፍርስ ውኃ አያስቸግረውም፤ በሌሊት በሽታና በጢሙ እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። እሱን ለመያዝ የሚወጣ ሰው መንጠቆው ላይ ጉበት፣ የሥጋ ቁራጭ ወይም ትንንሽ ዓሣ ይሰካል። ነጭ ዓሣ ደግሞ ትልም፣ ነፍሳትም፣ ሊጥም ይቀምሳል። ቆሮሶ ግን ከሁለቱ ይለያል። ዋና ምግቡ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው አልጌ የተባለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ጉበት ብታቀርብለት ዞር ብሎ የሚያይህ አይመስልም። ስለዚህ ቆሮሶ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው፤ መተላለፊያው ላይ መረቡ ይጋረድና ጭንቅላቱን ሲያሾልክ በስንጥቡ ይያዛል።

ብልህ አስጋሪ እንግዲህ መንጠቆውን ከመወርወሩ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ዓሣ የሚወድደው ምንድን ነው?» ያዕቆብም በዚያው ቁጥር ላይ አጥብቆ የተናገረው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚሳበው በገዛ ራሱ ምኞት ነው እንጂ በጎረቤቱ ምኞት አይደለም።

በትዳር ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንስተው እዚህ ላይ ነው። የትዳር ጓደኛችንን ፈተና የምንመዝነው በራሳችን ፈተና ነው። «እኔ ለገንዘብ አልጓጓም፤ እሷ ለምን ትጓጓለች?» ይላል ባል። «እኔ ሰው አወቀኝ አላወቀኝ ግድ የለኝም፤ እሱ ሰው ካላሞገሰው ለምን ይከፋዋል?» ትላለች ሚስት። ይህ አምባዛ በቆሮሶ እንደ መሳቅ ነው። ጉበቱን ያላየው ቆሮሶ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ጉበት ስለማይበላ ነው። ለእሱ ደግሞ መረብ ተዘርግቶለታል።

እስኪ አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እናስብ። ባል የአስጋሪዎች ማኅበር አባል ነው። በጌታ ቤት ያደገ፣ በመዘምራን ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። ሴት አይመኝም፤ መጠጥም አይቀምስም። ነገር ግን ዓሣው በተሸጠ ቀን፣ በደጋ ሳለ በወር የማያየው ገንዘብ በእጁ ይገባል። ጓደኞቹ «አንተ እኮ ቸር ነህ፣ አንተ እኮ ሰው ነህ» ይሉታል። እሱም ምሳውን ይጋብዛል፣ ያበድራል፣ ይረዳል። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ኪሱ ስስ ነው። ማባበያው ገንዘቡ አልነበረም፤ ቸር መባል ነበር።

ሚስት ደግሞ በሰቆጣ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። እሷን ገንዘብ አያታልላትም፤ በጥቂቱ መኖር ታውቅበታለች። ነገር ግን ከመሸ በኋላ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል የሚያናግራት ሰው የለም። ሸለቆው ውስጥ ስልክ እንደልብ አይሠራም። ታዲያ በመካከሉ «እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ልጆቹስ?» እያለ በየቀኑ የሚደውል አንድ ወንድም ቢኖር፣ መጀመሪያ ላይ የክርስቲያን ደግነት ነው። ምናልባት በእርግጥም ደግነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቀኑ ደስታዋ የዚያ ስልክ መደወል ከሆነ፣ ቆም ብላ ማየት ያለባት ነገር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መንጠቆው ላይ ያለው ትል እውነተኛ ምግብ ነው። የዓሣው ረሃብም ኃጢአት አይደለም፤ ፈጣሪው የሰጠው ነው። ባል መከበር መፈለጉ፣ ሚስት መደመጥ መፈለጓ ክፉ ነገር አይደለም። አደጋው የሚመጣው የተራበው ሰው ቤቱ ውስጥ ምግብ ሲያጣ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ላይ ለባለትዳሮች የሰጠው ምክር ይህንን የተረዳ ሰው ምክር ነው። ጥንዶች ቢለያዩ በስምምነት፣ ለታወቀ ጊዜ፣ ለጸሎት ይሁን፤ ከዚያም ተመልሰው አብረው ይሁኑ ይላል፤ ምክንያቱም ሰይጣን የሚጠብቀው ክፍት ቦታ እንዳለ ያውቃል።

ስለዚህ በሥራ ምክንያት የምትለያዩ ጥንዶች፣ ከጉዞው በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ተነጋገሩ። አንደኛ፣ የመመለሻው ቀን የታወቀ ይሁን። «ሥራው ሲያልቅ» የሚባል ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከመገኘቱ በፊት ተከፋፍሎ ይታወቅ፤ ለአስራት ይህን ያህል፣ ለቤት ይህን ያህል፣ ለማኅበሩ ይህን ያህል፣ ለግብዣም ቢሆን ይህን ያህል። ሦስተኛ፣ ምንም እንኳ ስልክ ባይሠራ፣ ሁለታችሁም በየቦታችሁ የምትጸልዩበት አንድ ሰዓት ይኑር። እሱ በዳሱ፣ እሷ በቤቷ፣ «አሁን እሱም ስሜን እየጠራ ነው» ብላ የምትጸልይ ሚስት ብቻዋን አይደለችም።

ወደ ቤቱ የሚመለሰው ዓሣ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተራበ ዓሣ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ርእሳችን እንምጣ፤ ዓሣ ሳይርበው መንጠቆ የሚነክስበት ጊዜ አለ።

ዓሦች ለመራባት ከሐይቅ ወይም ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጡበት ወቅት አላቸው። በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መካከል በርካቶቹ ክረምቱ ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ገባሮች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አስጋሪዎችም ያን ጊዜ ስለሚያውቁ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋሉ። ወደ መውለጃው የሚገሰግስ ዓሣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ለመያዝ እጅግ ይቀላል። ሀብቱ ክፉኛ የተመናመነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በዚህ ጉዞው በዓለም ሁሉ የታወቀው ግን ሳልመን የሚባለው ዓሣ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ፣ ባላርድ በተባለው ሰፈር ለዓሦች መውጫ የተሠራ የውኃ ደረጃ አለ፤ ሰው በመስታወት በኩል ሳልመኖቹ ከባሕር ወደ ወንዛቸው ሲወጡ ያያል። ሳልመን በወንዝ ይፈለፈላል፣ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ዓመታት ያሳልፋል፣ ከዚያም በውኃው ሽታ እየተመራ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ፏፏቴ እየዘለለ፣ ሞገድ እየተጋፋ ይወጣል።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ሳልመን ወደ ወንዙ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ሆዱ ይሟሽሻል፤ ጉዞውን የሚጨርሰው በባሕር ባከማቸው ስብ ነው። ታዲያ የማይበላን ዓሣ በመንጠቆ እንዴት ይይዙታል? አስጋሪዎቹ ማንኪያ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ወይም ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ቀለም ነገር በገመድ አስረው ይወረውራሉ። ይህ ምግብ አይደለም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ዓሣው ፊት ለፊት ያልፋል፤ ተመልሶ ያልፋል፤ እንደገና ያልፋል። ብዙዎች እንደሚያስረዱት፣ ዓሣው መጨረሻ ላይ የሚነክሰው ስለራበው ሳይሆን ስለተናደደ፣ ቦታውን የተደፈረ ስለመሰለው ነው። በንዴት ይነክሳል፤ ብረቱም ውስጥ መንጠቆ አለ።

ወገኖቼ፣ ብዙ መልካም ክርስቲያን ጥንዶች የሚያዙት በዚህ ነው። «እኔ ዝሙት አላውቅም፣ ስርቆት አላውቅም፣ ምን ሊይዘኝ ይችላል?» የሚል ሰው በረሃብ የሚመጣውን መንጠቆ አሸንፎ ይሆናል። ነገር ግን በቁጣ የሚመጣውን አልተጠነቀቀም። ምኞት ያልጣለውን ሰው አንዲት ቃል ትጥለዋለች። የቁጣው ማባበያም የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ደጃፉ ላይ ነው፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ።

ያንን አስጋሪ አስቡት። ሦስት ሳምንት በሐሩር ውሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ልጆቹን ለማየት ጓጉቶ ደጁን ይከፍታል። ሚስትም ሦስት ሳምንት ስትጠብቀው ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መገናኘት። ነገር ግን ገና ሳይቀመጥ፣

«ደግሞ ዛሬ ትዝ አልንህ?»

«እኔ በፀሐይ ስቃጠል የምውለው ለማን መስሎሽ ነው?»

«ለማን እንደሆነማ ኪስህ ይነግረናል።»

ከዚህ በኋላ ምሽቱ ጠፋ። ሦስት ሳምንት የተጠበቀው ምሽት በሦስት ዓረፍተ ነገር ጠፋ። የመጀመሪያዋን ቃል እንመርምራት። ሚስት በእርግጥ ማለት የፈለገችው «ናፍቀኸኝ ነበር፤ ብቻዬን ከበደኝ» ነው። ባልም ማለት የፈለገው «ደክሞኛል፤ ያደረግሁትን እዩልኝ» ነው። ያ እውነተኛው ምግብ ነበር። በምትኩ የተወረወረው ግን የሚያብለጨልጭ ብረት ነው።

የሳልመን አስጋሪ አንድ ጊዜ ወርውሮ አይሄድም ብለናል። በየቤታችንም ደጋግመው የሚያልፉ ቃላት አሉ። «አባትህን ነው የመሰልከው።» «ያኔም እንዲሁ ነበርሽ።» «የእናትሽ ልጅ።» እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ያውቃል። እነዚህ ቃላት ሲመጡ አዲስ ነገር አይናገሩም፤ ዐሥር ጊዜ አልፈዋል፤ ዐሥራ አንደኛው ላይ ግን እንነክሳለን። ስለዚህ ቁጣው ሲነሣ ራሳችንን እንጠይቅ፤ «አሁን የምመልሰው ምን ለማግኘት ነው? ይህ ነገር ምግብ አለው ወይስ ብረት ብቻ ነው?» የሚያጠግብ ነገር ከሌለው ይለፍ። ሳይነከስ ያለፈ ብረት ማንንም አልያዘም።

ለመመለሻው ቀን የሚሆን አንድ ምክር እንስጥ። የመጀመሪያው ምሽት የሒሳብ ምሽት አይሁን። የመጣው ሰው ይታጠብ፣ ይብላ፣ ልጆቹን ያቅፍ፤ ቤት የቆየችውም ሳትቋረጥ የምትናገርበት ጊዜ ታግኝ። አብራችሁ አመስግኑ። ሒሳቡና ቅሬታው በነጋታው ይቅረብ። «ታዲያ ኤፌሶን 4፥26 ፀሐይ በቁጣችን ላይ መጥለቅ እንደሌለባት ያስተምር የለምን?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው። ነገር ግን ቃሉ ቁጣው ይርገፍ ነው የሚለው እንጂ ጉዳዩ ሁሉ በሌሊት ተፈትሾ ይለቅ አይልም። «ቅር ብሎኛል፤ ነገ እንነጋገርበታለን፤ እስከዚያው ግን ተቀይሜሽ አልተኛም» ማለት ይቻላል። ቀጣዩ ቁጥር ለዲያብሎስ ስፍራ ስላለመስጠት መናገሩም በአጋጣሚ አይደለም።

ልጆቿን በአፏ የምትይዘው

ስለ ልጆች ሳንናገር ብናልፍ ሐሳባችን ጎደሎ ይሆናል። ቀደም ሲል ያነሣነው ቆሮሶ ልጆቹን የሚያሳድግበት መንገድ እጅግ የሚገርም ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ውስጥ ትሰበስባለች። በዚያው ይፈለፈላሉ። ሁለት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ አፏን ዘግታ ትጠብቃቸዋለች፤ በዚያን ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩም በኋላ አደጋ ሲመጣ ሮጠው ወደ አፏ ይገባሉ። ነገር ግን መረብ ሲይዛትና ስትጨነቅ አፏን ትከፍታለች፤ ልጆቿም ይበተናሉ።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚኖሩት በአፋችን ውስጥ ነው። ምሳሌ 18፥21 ምላስ ሞትንም ሕይወትንም በእጁ እንደያዘ ያስተምራል። እኛ በንዴት አፋችንን ስንከፍት፣ ቃሉ የሚወድቀው በትዳር ጓደኛችን ላይ ብቻ ይመስለናል። ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማ ልጅ ግን አለ። በአገራችን አንዳንድ ወንዞች ሰዎች የብርብራን ፍሬ ፈጭተው ውኃው ላይ እየበተኑ ዓሣ የሚይዙበት የቆየ ዘዴ ነበር። ብርብራው ግን ትልቁን መርጦ አይነካም፤ ለእራት አንድ ዓሣ የፈለገ ሰው በገንዳው ያለውን ጫጩት ሁሉ ይጨርሳል። የቤት ውስጥ ጠብም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የተበተነ መርዝ ቤቱን ሁሉ ይደርሳል።

ይህን ስንል ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አፍን መግዛት ማለት በደልን መሸፈን ማለት አይደለም። የምትደበደብ ሚስት ወይም የሚጎዳ ልጅ ባለበት ቤት ዝምታ ጽድቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለታመነ መጋቢ፣ ለሽማግሌ፣ ለሚመለከተው የሕግ አካልም መናገር ይገባል። ቤተ ክርስቲያንም የተጎዳውን ሰው «ታገሺ» ብላ ብቻ መመለስ የለባትም።

መንጠቆው በገባበት ይወጣል

ምናልባት ይህን የምታነብቡ፣ «ለእኛ ዘግይቷል፤ መንጠቆው ገብቷል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእናንተ የምንነግራችሁ የምሥራች አለ።

መንጠቆን ያያችሁ ሁሉ እንደምታውቁት ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ እሾህ አለው። በዚህ ምክንያት የተያዘ ዓሣ በታገለ ቁጥር ይጠልቅበታል። ብቻውን ሊያወጣው አይችልም፤ የሌላ እጅ ያስፈልገዋል። ሊለቀው የሚፈልግ አስጋሪም በጉልበት አይጎትተውም፤ ሥጋውን ይበጣጥሰዋልና። ቀስ ብሎ መንጠቆውን በገባበት መንገድ ይመልሰዋል።

ንስሐም እንዲህ ነው። ብዙ ሰው «ያለፈውን ተዉት፤ ይቅር በሉኝ» ብሎ ባንድ ጊዜ ጎትቶ ሊያወጣው ይፈልጋል። ይህ መንጠቆውን ውስጥ ይሰብረዋል። መንገዱ እንደ ገባበት መመለስ ነው፤ «የራበኝ ይህ ነበር። ማባበያው ይህ ነበር። የነከስሁት ያን ቀን ነበር። ገንዘቡ ይህን ያህል ነበር።» ያማል፤ ግን ይወጣል። ያዕቆብ ስለ ማባበያው ባስጠነቀቀበት በዚያው መልእክት፣ በምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ እርስ በርሳችን ኃጢአታችንን እንድንናዘዝና አንዳችን ለሌላው እንድንጸልይ የሚያዝዘው ፈውስን ተስፋ አድርጎ ነው። ያች የሌላ እጅም ከሁሉ በፊት የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ እጅ ናት፤ እርሷ ራሷ የተወጋች እጅ ናትና እንዴት ቀስ እንደሚባል ታውቃለች። ጌታ ጴጥሮስን በማቴዎስ 17፥27 መንጠቆ እንዲጥል ባዘዘው ጊዜ በዓሣው አፍ ውስጥ የተገኘው ለሁለቱም የሚበቃ የግብር ገንዘብ ነበር። በእርሱ እጅ የገባ መንጠቆ እንኳ ዕዳ ይከፍላል።

የፓስፊኩ ሳልመን ወደ ወንዙ ወጥቶ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ስቲልሄድ የሚባል የትራውት ዓይነት ግን አለ፤ ወንድሙ የሆነው ሬንቦ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቆ ይኖራል። ስቲልሄድ ያንኑ ዳገት ይወጣል፣ ያንኑ ሞገድ ይጋፋል፤ ከመካከሉ አንዳንዱ ግን ቆስሎና ከስቶ ወደ ባሕር ይወርድና አገግሞ በሌላ ዓመት እንደገና ይመለሳል። ትዳራችሁ በዚህ ዓመት ቆስሎና ከስቶ ከሆነ፣ ይህ የመጨረሻው መውጣት ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ለጥንዶች መወያያ

1. እኔን በቀላሉ የሚስበኝ ነገር ምንድን ነው? የትዳር ጓደኛዬ ይህን ያውቃል ወይ? ነግሬው ወይም ነግሬያት አውቃለሁን?

2. በቤታችን ደጋግማ የምታልፍ፣ ሁልጊዜም የምታናክሰን ቃል የትኛዋ ናት? በዚህ ወር ሳንነክሳት እንድታልፍ ምን እናድርግ?

3. በሥራ ምክንያት ስንለያይ የመመለሻችን ቀን፣ የገንዘባችን ክፍፍልና የጸሎት ሰዓታችን የታወቀ ነው?

4. ልጆቻችን በዚህ ሳምንት ከአፋችን ምን ሰሙ?

እነዚህን ጥያቄዎች ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ስልኮቻችሁን ዘግታችሁ ተነጋገሩባቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። ስትጨርሱም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። በተከዜ ዳር ዛሬ ለሚያድሩ አባወራዎችም፣ በደጋው ለሚጠብቋቸው ሚስቶችና ልጆችም አንድ ቃል ጨምሩላቸው።

በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርቱን የጠራቸው ጌታ (ዮሐ. 21፥9-12) ቤታችሁን ይባርክ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።